ከመገመት መለካት ይሻላል፤ ስለ አውቶሞቢል የቤንዚን ተን መቆጣጠሪያና ስለ ኤሌትሪክ ብልሽቱ አመራመር



በዚህ መጽሔት ላይ ብዙውን ጊዜ የሚወጡት ጽሑፎች ስለ አገር ጉዳይ፥ ስለ ትምህርት አሰጣጥ፥ አልፎ አልፎም ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ መቅጠን ናቸው። የዛሬው ጽሑፍ ግን ስለ አንድ የሽቦ ጥቅልና ስለ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም፥ በአንድ ሰው የዕለት እንጀራ ላይ ያደረሰውን ጉዳት በዓይኔ ስላየሁና ከጥፋቱም እኔ ራሴ ድርሻ ስላለኝ፥ ሌላው ጓደኛዬ በዚያው ጕድጓድ እንዳይወድቅ ብዬ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ በአንድ ጋራዥ ተመድቤ ስሠራ ሳለሁ፥ በሜትር ታክሲነት የምትሠራ አንዲት ትንሽ የቤት መኪና መጣች። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። በዳሽቦርዱ ላይ «ቼክ ኢንጂን» የሚባለው ቢጫ መብራት በርቷል፤ ከኋላ የሚቀመጡ ተሳፋሪዎችም «ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» እያሉ ያማርራሉ፤ ሕፃን የያዘች አንዲት እናት እንዲያውም መንገድ ላይ አስቁማ ወርዳባቸዋለች። የኮድ ማንበቢያው መሣሪያ ሲሰካ «ፒ0443» የሚል ቁጥር አወጣ። ትርጉሙም «የፐርጅ ቫልቩ ሰርኪት ተበላሽቷል» ማለት ነው። ቫልቩ ከዚያ በፊት በሌላ ቦታ አንድ ጊዜ ተለውጦ ነበር።

እኔም በኤሌትሪክ ሰርኪት ትምህርት ጥሩ ማርክ ማግኘቴ ትዝ እያለኝ፥ መልቲሜትሬን አውጥቼ፥ የቫልቩን ሶኬት ነቅዬ ለካሁ። 12 ቮልት አነበበ። «ሽቦው ደኅና ነው፤ የተገጠመው ቫልቭ አሮጌ ስለሆነ ነው» ብዬ ፈረድሁ። እርሳቸውም አምነውኝ ሌላ ቫልቭ ገዝተው መጡ። ተገጠመ፤ መብራቱ ጠፋ፤ በማግሥቱ እንደገና በራ። በሦስተኛው ቀን ከጋራዡ ኤሌትሪሽያኖች አንዱ፥ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያልተማረ ሰው፥ ሁለት ሽቦ የተበየደበት ትንሽ አምፖል ይዞ መጣና በዚያው ሶኬት ላይ ሞከረው። አምፖሉ አልበራም። ሶኬቱን ፈልቅቆ ሲያሳየን የመዳቡን ጫፍ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ምርመራው ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሁለቱም ቫልቮች በከንቱ ነበር የተገዙት።

«ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላቸው፥ «አንተስ ልጄ ተማርህበት፤ የከፈልሁት እኔ ነኝ እንጂ» አሉኝ። ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እንግዲህ እርሳቸው የከፈሉበትን ትምህርት እናንተ በነፃ እንድታገኙት ከዚህ በታች በተራ በተራ አቀርበዋለሁ።

ሀ/ መሣሪያው ምንድን ነው? ለምንስ ተሠራ?

ቤንዚን ሞተሩ ባይነሣም ይተናል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ሰርባትዮ ውስጥ ያለው ቤንዚን ሲሞቅ ተኑ ይበዛል፤ መውጫም ይፈልጋል። በቀድሞዎቹ መኪኖች ይህ ተን በሰርባትዮው ክዳንና በካርቡራቶሩ በኩል ወደ አየር ይለቀቅ ነበር። በሎስ አንጀለስ ከተማ ላይ የሚያንዣብበውንና ዓይን የሚያቃጥለውን ጭጋግ ምክንያት የመረመረው የካሊፎርኒያው ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት፥ የቤንዚን ተንና ከመኪና ጭስ የሚወጡ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በፀሐይ ብርሃን ሲገናኙ ኦዞን እንደሚፈጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓ አቈጣጠር) አስረዳ። ከዚህ በኋላ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ1970 ሞዴል፥ መላው አሜሪካም ከ1971 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ተናቸውን የሚይዙበት መሣሪያ እንዲኖራቸው በሕግ ታዘዘ። (ከዚህ በታች የሞዴልና የሕግ ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከሰርባትዮው የሚነሣው ተን በቱቦ ተመርቶ ልዩ ከሰል ወደተሞላበት ጣሳ ይገባል። ይህ ከሰል በጣም ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት፥ አንድ ግራሙ ብቻ ቢዘረጋ ከብዙ መቶ እስከ አንድ ሺህ ካሬ ሜትር የሚደርስ ገጽ ይኖረዋል፤ ተኑም በዚያ ገጽ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞቅ ኮምፒዩተሩ ፐርጅ ቫልቭ የሚባለውን ይከፍታል። የሞተሩ የመሳብ ኃይል ንጹሕ አየር በከሰሉ ውስጥ እያሳለፈ ተኑን አጥቦ ወደ ሲሊንደር ይወስደዋል፤ በዚያም ይቃጠላል። ስለዚህ ከሰሉ ሌሊትና ቀን የሚሞላ፥ በጉዞ ላይ ደግሞ የሚራገፍ ጎተራ ነው ማለት ይቻላል። የሚያራግፈው ከሌለ ጎተራው ሞልቶ ይፈስሳል። የታክሲው ተሳፋሪዎች ያሸተቱትም ይህንኑ የሞላ ጎተራ ነው።

ለ/ የኤሌትሪክ ክፍሎቹ

በዚህ መሣሪያ ውስጥ ኤሌትሪክ የሚነካቸው ዋና ዋና ክፍሎች ሦስት ናቸው።

1ኛ/ ፐርጅ ቫልቭ። ብዙውን ጊዜ በሞተሩ አጠገብ ይገኛል። ኤሌትሪክ ሳይደርሰው ዝግ ነው፤ ሲደርሰው ይከፈታል።

2ኛ/ ቬንት ቫልቭ። ከከሰሉ ጣሳ አጠገብ፥ በብዙ መኪኖች ከኋላ በሆዳቸው ሥር ይገኛል። ይህ የፊተኛው ተቃራኒ ነው፤ ኤሌትሪክ ሳይደርሰው ክፍት ነው፤ ሲደርሰው ይዘጋል። የሚያስፈልገውም ኮምፒዩተሩ መሣሪያውን ሁሉ ዘግቶ ቀዳዳ መኖሩን ለመፈተን ሲፈልግ ነው። በሁሉም መኪና ላይ አይገኝም።

3ኛ/ የሰርባትዮው የግፊት መለኪያ ሴንሰር። ሦስት ሽቦዎች አሉት፤ አንዱ ከኮምፒዩተሩ የሚመጣ 5 ቮልት፥ ሁለተኛው ኔጋቲቭ፥ ሦስተኛው ግፊቱን በቮልት ተርጕሞ ለኮምፒዩተሩ የሚናገር ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እንረዳለን። የፐርጅ ቫልቩ ሽቦ ቢቆረጥ ቫልቩ ዝግ እንደሆነ ስለሚቀር ሞተሩ ምንም አይሰማውም፤ ደኅና ይነሣል፥ ደኅና ይሄዳል። የሚታየው መብራቱና ቆይቶም ሽታው ብቻ ነው። መኪናው ቤንዚን ከተሞላ በኋላ ለመነሣት የሚያስቸግርና በዝግታ ሲሠራ የሚንገዳገድ ከሆነ ግን፥ ቫልቩ ክፍት ሆኖ መጣበቁን እንጠርጥር። ይህም ብዙውን ጊዜ የቆሻሻ ወይም የመሰበር ጉዳይ እንጂ የሽቦ መቆረጥ አይደለም። ምልክቱን መለየት የምርመራው ግማሽ ነው።

ሐ/ ኮምፒዩተሩ ብልሽቱን እንዴት ያውቃል?

ቫልቩ ሁለት ሽቦ አለው። በብዙዎቹ መኪኖች አንዱ ሽቦ ከባትሪው በፊውዝ በኩል 12 ቮልት ያመጣል፤ ሁለተኛው ወደ ኮምፒዩተሩ ይሄዳል። ኮምፒዩተሩ ቫልቩን ለመክፈት ሲፈልግ በውስጡ ባለው ትራንዚስተር አማካይነት ይህን ሁለተኛ ሽቦ ከኔጋቲቭ ጋር ያገናኘዋል። ፐርጅ ቫልቩን የሚያዝዘውም በአንድ ጊዜ ከፍቶ በመተው ሳይሆን፥ በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እያበራና እያጠፋ ነው፤ የሚበራበት ጊዜ በረዘመ መጠን የሚሳበው ተን ይበዛል።

አሁን የዚያን ሁለተኛ ሽቦ ቮልቴጅ እናስብ። ትራንዚስተሩ ሲጠፋ ፍሰት ስለሌለ፥ ከባትሪው የመጣው 12 ቮልት በጥቅሉ ሽቦ አልፎ እስከ ኮምፒዩተሩ ይደርሳል። ትራንዚስተሩ ሲበራ ደግሞ ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ኮምፒዩተሩ ይህን መውጣትና መውረድ ያያል። እንግዲህ፥

ትራንዚስተሩ ጠፍቶ ሳለ 12 ቮልቱ ካልታየው፥ ወይ ፊውዙ ተቃጥሏል፥ ወይ ሽቦው ወይም ጥቅሉ ተቆርጧል፥ ወይም ሁለተኛው ሽቦ የመኪናውን አካል ነክቶ ሾርት አድርጓል።

ትራንዚስተሩ በርቶ ሳለ ቮልቴጁ አልወርድም ካለ፥ ሁለተኛው ሽቦ 12 ቮልት ካለበት ሌላ ሽቦ ጋር ተነካክቷል፥ ወይም ጥቅሉ በውስጡ ሾርት አድርጎ ከመጠን ያለፈ ፍሰት እያሳለፈ ነው።

ብዙ ኮምፒዩተሮች ከቮልቴጁ በላይ የፍሰቱንም መጠን ያያሉ፤ በጣም ካነሰ ወይም በጣም ከበዛ ኮድ ይመዘግባሉ።

መ/ የኮዶቹ ትርጉም

በአሜሪካ ለሚሸጡ መኪኖች ሁሉ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አንድ ዓይነት የኮድ ቋንቋ በሕግ ተደንግጓል። የኛን ጉዳይ የሚመለከቱት የሚከተሉት ናቸው።

ፒ0443፥ የፐርጅ ቫልቭ ሰርኪት ብልሽት። ፒ0444፥ ያው ሰርኪት ተቆርጧል። ፒ0445፥ ያው ሰርኪት ሾርት አድርጓል። ፒ0458፥ ቮልቴጁ ዝቅ ብሏል። ፒ0459፥ ቮልቴጁ ከፍ ብሏል።

ፒ0446፥ የቬንት መቆጣጠሪያ ሰርኪት ብልሽት። ፒ0447፥ ተቆርጧል። ፒ0448፥ ሾርት አድርጓል። ፒ0449፥ የቬንት ቫልቩ ሶሌኖይድ ሰርኪት።

ፒ0450፥ የግፊት ሴንሰር ብልሽት። ፒ0452፥ የሴንሰሩ ቮልቴጅ አንሷል። ፒ0453፥ የሴንሰሩ ቮልቴጅ በዝቷል።

ፒ0442፥ ፒ0455፥ ፒ0456ና ፒ0457 ግን የቀዳዳና የክዳን አለመጥበቅ ኮዶች ስለሆኑ የኤሌትሪክ ምርመራ ከነሱ አይጀመርም፤ የሚጀመረው ክዳኑንና ቱቦዎቹን ከማየት ነው።

ከዚህ በላይ ያሉትን ስታነቡ አንድ ቃል ልብ በሉ፤ ኮዱ «ሰርኪት» ይላል እንጂ «ቫልቭ» ብቻ አይልም። ሰርኪት ማለት ፊውዙም፥ ሽቦውም፥ ሶኬቱም፥ ቫልቩም፥ ኮምፒዩተሩም ነው። «ፒ0443 ካለ ቫልቩን ለውጥ» የሚል ሰው ከአምስት ተጠርጣሪዎች መካከል አንዱን ሳይጠይቅ የሚያስር ዳኛ ነው። የኛ አገር ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ለዚህ ዓይነቱ ነው፤ ሽቦ መፈለግ ስለሚያደክም ቫልቩ ይመታል።

ሠ/ የቫልቩ ምርመራ በቅደም ተከተል

አስቀድሞ ስለ ጥንቃቄ። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ወርዶ በጋራዡ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሲጋራ፥ ብየዳና ማናቸውም የእሳት ፍንጣሪ በአጠገቡ መኖር የለበትም። በሰርባትዮውና በከሰሉ ጣሳ አጠገብ ሽቦ ከባትሪ ጋር እያነካኩ «ይንቃ እንደሆነ እንይ» ማለት በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። ቫልቩን በቀጥታ በባትሪ መሞከር ቢያስፈልግ ተፈትቶ ከተን ርቆ ይሞከር፤ አንዳንዱም ቫልቭ በውስጡ ዲዮድ ስላለው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሲገለባበጥ ይቃጠላል።

አንደኛ፥ ኮዱንና መሣሪያው አብሮ የመዘገበውን ሁኔታ (የሞተሩን ሙቀት፥ ፍጥነቱን) በወረቀት እንጻፍ። ከዚያ ኮዱን አጥፍተን ሞተሩን እናስነሣ። የሽቦ ብልሽት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይመለሳል፤ የቀዳዳ ኮድ ግን ለመመለስ ረዘም ያለ ጉዞ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፥ በዓይን እንይ። ፊውዙ ደኅና ነውን? ሶኬቱ ውስጥ እርጥበት ወይም አረንጓዴ ዝገት አለን? ሽቦው የጋለ ብረት ነክቶ ቀልጧልን? አይጥ በልቶታልን? በተለይ ቬንት ቫልቩ በመኪናው ሆድ ሥር ስለሚገኝ የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ ይጫወትበታል። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጕልበቱን ማንበርከክና እጁን ማቆሸሽ ብቻ ነው። ይህን ግን ብዙዎቻችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንወድም።

ሦስተኛ፥ ሶኬቱን ነቅለን የጥቅሉን ሬዚስታንስ እንለካ። በብዙ መኪኖች በ20ና በ30 ኦም መካከል ይገኛል፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን ከዚያው መኪና መጽሐፍ ይታያል። መልቲሜትሩ ማለቂያ የሌለው ቁጥር ካሳየ ጥቅሉ ተቆርጧል። ለምሳሌ 2 ኦም ብቻ ካሳየ ሾርት አድርጓል። የኦምን ሕግ እናስታውስ። 12 ቮልት ለ24 ኦም ሲካፈል 0.5 አምፔር ይሆናል፤ ይህን ትራንዚስተሩ በቀላሉ ይሸከመዋል። 12 ለ2 ሲካፈል ግን 6 አምፔር ነው፤ መከላከያ የሌለው ትራንዚስተር ይቃጠላል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ተቃጥሎ ቢገኝ እንኳ ጥቅሉን ሳይለኩ አዲስ ኮምፒዩተር መግጠም ሁለተኛውንም ማቃጠል ነው።

የሙቀቱንም ነገር እንዳንረሳ። የመዳብ ሬዚስታንስ በየዲግሪ ሴንቲግሬዱ በመቶ 0.39 ያህል ይጨምራል። በ20 ዲግሪ 24 ኦም የነበረ ጥቅል በ90 ዲግሪ ወደ 30.6 ኦም ይደርሳል። ስለዚህ በጋለ ሞተር ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ብናነብ ወዲያው «ተበላሽቷል» አንበል።

አራተኛ፥ የሚመጣውን 12 ቮልት እንፈትን። እኔ የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነውና በዝርዝር ላስረዳ። መልቲሜትር ቮልት ሲለካ የራሱ ሬዚስታንስ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ስለሆነ ከሽቦው የሚወስደው ፍሰት ከምንም አይቈጠርም። በሶኬቱ ላይ ያለው ዝገት 1,000 ኦም አለው እንበል። መልቲሜትሩ የሚያነበው፥

12 × 10,000,000 ÷ 10,001,000 = 11.999 ቮልት

ነው። ሽቦው ፍጹም ጤነኛ ይመስላል። 24 ኦም ያለው ቫልቭ ሲሰካበት ግን በቫልቩ ላይ የሚቀረው፥

12 × 24 ÷ 1,024 = 0.28 ቮልት

ብቻ ነው። ቀሪው 11.72 ቮልት በዝገቱ ላይ አለቀ። ያ ቫልቭ አዲስም ይሁን አሮጌ፥ በ0.28 ቮልት አይነቃነቅም። እኔም «12 ቮልት አለ» ስል ቁጥሩን አልዋሸሁም፤ ጥያቄውን ግን ተሳስቻለሁ። መጠየቅ የነበረብኝ «ቮልት አለን?» ብዬ ሳይሆን፥ «ይህ ሽቦ ግማሽ አምፔር ሊሸከም ይችላልን?» ብዬ ነበር።

የኤሌትሪሽያኑ አምፖል መልስ የሚሰጠው ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ ነው። ባለ 12 ቮልት፥ ባለ 5 ዋት አምፖል ሲበራ 0.42 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ይህም ከቫልቡ ፍሰት ጋር ተቀራራቢ ነው። ቁልፉን ከፍተን (በአንዳንድ መኪና ሞተሩን አስነሥተን) አምፖሉን በሚመጣው ሽቦና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል እናድርገው። ደምቆ ከበራ መንገዱ ጤነኛ ነው። ፈዝዞ ከበራ ወይም ካልበራ፥ ከሶኬቱ ወደ ፊውዙ እየተመለስን ብርሃኑ የሚመለስበትን ቦታ እንፈልግ። ዝገቱ ወይም ቁርጡ ያለው በበራበትና ባልበራበት ቦታ መካከል ነው።

አምፖሉን ግን በኮምፒዩተሩ በኩል ባለው ሽቦ ላይ አንጠቀምበት። የአምፖል ክር ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ፥ በሚበራበት ቅጽበት ከመጠን ያለፈ ፍሰት ይስባል፤ ይህም ትራንዚስተሩን ሊጎዳ ይችላል።

አምስተኛ፥ የኮምፒዩተሩን ሽቦ እንፈትን። ቁልፉን ዘግተን፥ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተን፥ የቫልቩንና የኮምፒዩተሩን ሶኬት ነቅለን፥ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንለካ። ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ቀጥሎ በሽቦውና በመኪናው አካል መካከል እንለካ፤ ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ከዚያ ሶኬቶቹን እንደተነቀሉ ትተን፥ ባትሪውን መልሰን፥ ቁልፉን ከፍተን ቮልት ብንለካ በዚህ ሽቦ ላይ 12 ቮልት መገኘት የለበትም፤ ከተገኘ ከሌላ ሽቦ ጋር ተነካክቷል።

ስድስተኛ፥ ሁሉንም መልሰን ሰክተን ትእዛዙን እንመልከት። የኮድ ማንበቢያው ቫልቩን ማዘዝ የሚችል ከሆነ ግማሽ በግማሽ እንዲሠራ እናድርገው። መልቲሜትሩን ከሶኬቱ ጀርባ በኩል በኮምፒዩተሩ ሽቦ ላይ ብናደርግ፥ አንድ ጊዜ 12 አንድ ጊዜ ዜሮ የሚሆነውን አማካይ አድርጎ ወደ 6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ቫልቩም በእጅ ሲዳሰስ ቀጭ ቀጭ ማለቱ ይሰማል። የሚመጣው 12 ቮልት ደኅና ሆኖ፥ ሽቦው ደኅና ሆኖ፥ ጥቅሉም ደኅና ሆኖ፥ ትእዛዙ ብቻ ካልመጣ፥ ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩን እንጠርጥር። ያም ቢሆን የራሱን 12 ቮልትና ኔጋቲቭ ከፈተንን በኋላ ነው። ኮምፒዩተር የመጨረሻው ተከሳሽ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ረ/ የሴንሰሩ ምርመራ

ሴንሰሩን በአምፖል መንካት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ 5 ቮልቱ ለአምፖል የሚሆን ፍሰት ለመስጠት አልተሠራም። ሶኬቱን ነቅለን፥ ቁልፉን ከፍተን፥ በመልቲሜትር በ5 ቮልቱና በሴንሰሩ ኔጋቲቭ መካከል እንለካ። 5 ቮልት ያህል ካልተገኘ፥ ፖዘቲቩን ለብቻ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር እንለካው። አሁን 5 ከሆነ የተቆረጠው የሴንሰሩ ኔጋቲቭ ነው። አሁንም ካልሆነ 5 ቮልቱ ራሱ ጠፍቷል። በብዙ መኪኖች ይህን 5 ቮልት ሌሎች ሴንሰሮችም ይጋሩታል፤ ከመካከላቸው አንዱ ሾርት አድርጎ ሁሉንም ጥሎ ይሆናል። እያንዳንዱን ሴንሰር በተራ ስንነቅል 5 ቮልቱ የሚመለስ ከሆነ፥ የመጨረሻው የተነቀለው ጥፋተኛ ነው።

5 ቮልቱና ኔጋቲቩ ደኅና ከሆኑ ሴንሰሩን ሰክተን፥ የሰርባትዮውን ክዳን ከፍተን፥ የሦስተኛውን ሽቦ ቮልት እንይ። ክዳኑ ክፍት ስለሆነ ግፊቱ ከውጭው አየር ጋር እኩል ነው፤ ሴንሰሩም በመጽሐፉ የተጻፈለትን የእኩልነት ቁጥር ማሳየት አለበት። ይህ ቁጥር እንደ ሠሪው ይለያያል፤ ዜሮም 5ም ግን አይሆንም። ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ ምልክቱን የሚያመጣው ሽቦ አካል ነክቷል ወይም ሴንሰሩ ሞቷል፤ ወደ 5 የተጠጋ ከሆነ ከ5 ቮልቱ ሽቦ ጋር ተነካክቷል ወይም ኔጋቲቩ ላልቷል።

ሰ/ አንድ ጊዜ ስለሚታይ አንድ ጊዜ ስለሚጠፋ ብልሽት

ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ባለመኪናው «ጠዋት በርቶ ነበር» ይላል፤ እኛ ስናይ የለም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ቫልቩ እየሠራ መልቲሜትሩን እንደተያያዘ ትተን፥ ሽቦውን ከሶኬቱ ጀምሮ ቀስ እያልን እናወዛውዘው፤ ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ብልሽቱ ያለበት ነው። ሌላው ዘዴ የቮልት መጥፋትን መለካት ነው። ቫልቩ በሙሉ ታዝዞ ሳለ፥ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፥ ሌላውን በቫልቩ መግቢያ ሽቦ ላይ እናድርግ። በጤነኛ መንገድ ላይ የሚጠፋው ከግማሽ ቮልት በታች ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ መንገዱ ላይ ቀረጥ የሚበላ ሌባ አለ ማለት ነው።

ሸ/ የኛን አገር የሚመለከት ማሳሰቢያ

ወደ ኢትዮጵያ የገቡት መኪኖች ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ስለሆኑ ሁሉም አንድ ዓይነት ምርመራ አያደርጉም። በአውሮፓ ከ2000 ጀምሮ የወጣው የቤንዚን መኪኖች ደንብ የሚያስገድደው የፐርጅ ቫልቩ ሰርኪት መቆረጥ አለመቆረጡን መከታተልን እንጂ፥ እንደ አሜሪካ ሰርባትዮውን ዘግቶ ቀዳዳ መፈለግን አይደለም። ስለዚህ ከአውሮፓ በመጣ መኪና ላይ የቀዳዳ ኮድ አለመታየቱ ቀዳዳ የለም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው የከፍታ ነገር ነው። የካሊፎርኒያ ደንብ ከ8,000 ጫማ ማለት ከ2,438 ሜትር በላይ ሠሪዎች አንዳንድ ምርመራዎችን እንዲያቆሙ ይፈቅዳል። አዲስ አበባ በአማካይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ከዚህ ወሰን ያልፋል። በዚህ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ቤንዚን በባሕር ጠረፍ ካለው ይልቅ በቀላሉ ይተናል። ምርመራው ሊያንስ በሚችልበት ቦታ ተኑ ይበዛል ማለት ነው። እንግዲህ መብራቱ ስላልበራ ብቻ አፍንጫችንን አናስተኛው።

ሦስተኛ፥ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌትሪክ ከሚሄዱት በቀር ሌሎች የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በአገሩ ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ግን ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ፤ ሽቦዎቻቸውም ከዓመት ወደ ዓመት ያረጃሉ። በዕቃ መለወጥ ብቻ ከተጠገኑ ለባለቤቶቻቸው ዕዳ ይሆናሉ። አምፖሉን ከዳሽቦርዱ ነቅሎ መጣልም አንዳንዶች «ጥገና» የሚሉት ዘዴ ነው፤ ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ በዚያው መብራት የሚነገረው ሌላ ከባድ ብልሽት ቢመጣም የሚናገር አይኖርም።

መደምደሚያ

ጓደኞቼ ሆይ፥ የኦም ሕግ በመጀመሪያው ዓመት የምንማረው ነው፤ ከመካከላችን የማያውቀው የለም። እኔም አውቀው ነበር። ያላወቅሁት ግን ሕጉ በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በዛገ ሶኬት ውስጥም እንደሚኖር ነው። ያ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያልተማረ ኤሌትሪሽያን የ1,000 ኦሙን ሒሳብ ሊሠራ አይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ሽቦን ሥራ ሰጥቶ እንጂ አይቶ እንደማይፈርድበት ከልምዱ ያውቃል። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ፥ እርሱ ዘዴውን ያውቃል። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ቢገናኙ ኖሮ አንድ አባት ሁለት ቫልቭ በከንቱ ባልገዙ ነበር።

ስለዚህ በልምምድ ወደ ጋራዥ የምንወጣ ሁሉ ሦስት ነገር አብረን እንያዝ፤ መልቲሜትር፥ ባለ 5 ዋት አምፖልና «አላውቅም፥ ልለካ» የሚል አንደበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በጋራዥ ውስጥ ግን የሚያፈሰው እኛ ሆነን፥ የሚለቅመው ባለመኪናው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ያገኘ ወይም የተሻለ ዘዴ ያለው አንባቢ ቢኖር በሚቀጥለው እትም ቢጽፍልን ደስ ይለናል። መታረም መማር ነውና፤ ያውም ማንም ሳይከፍልበት።